አንድ እግር ቀይ፣ አንድ እግር ጉበት

መንታ ልጆች ያላት ሴት ሁሉን ነገር ለሁለት መክፈል ትለምዳለች። እኔ ድንች እንኳ ስቀቅል እኩል እኩሉን መርጬ ነበር የማቀርብላቸው። ስለዚህ የቀበሌያችን ሱቅ ሸራ ጫማ መጣለት፣ በዕጣ ይታደላል ሲባል ደስ አለኝ። ዕጣ ዘመድና ባዳ አያውቅም። ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ ተሰለፍሁ።

ዕጣዬ አንድ ጥንድ ነጭና አንድ ጥንድ ካኪ ጫማ አወጣልኝ። ቁጥራቸው አንድ ነው፤ የልጆቼም እግር እንደዚያው።

«ሁለቱንም ነጭ አድርግልኝ» አልሁት ባለሱቁን።

«እቴ፣ ጫማ ጫማ ነው።»

«እንግዲያ ካኪውን አንተ አድርገውና ነጩን ስጠኝ።»

«ለእኔ ይጠበኛል» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ነጩ ለታላቋ፣ ካኪው ለታናሿ ደረሰ። ታላቅና ታናሽ የምላቸው አንዷ ቀድማ ስለወጣች ብቻ ነው። እነሱ ግን የዘመን ልዩነት ያላቸው ያህል ይኮሩበታል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዝም እል ነበር። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ሰልፍ ልጆቼ ከፊት ሆነው፣ መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ እንዲይዙ ተመርጠዋል። መንታ ከፊት ሲሄድ ያምራል ተብሎ ነው። የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ልምምዱን ልታይ መጣችና የልጆቼን እግር አየች።

«ጨርቁን የሚይዙት ልጆች ጫማቸው መመሳሰል አለበት» አለች። «ካኪ ያደረገችው ትቀራለች። በእሷ ቦታ የእኔ ልጅ ትገባለች፤ ነጭ አላት።»

ታናሿ አላለቀሰችም። ቤት ስትገባ ጫማዋን አውልቃ አልጋ ሥር ወረወረችና «እኔ እንግዲህ ዶሮ እጠብቃለሁ» አለች። ዶሮ አልነበረንም። እሱ ነው ያናደደኝ።

ተመልሼ ሄድሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መመሳሰል አለበት ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ነጭ ይሁን አላሉም?»

«ይመሳሰል ነው ያልሁት።»

«ይቺን ቃል እንዳይረሷት» ብያት ወጣሁ።

ክረምት ስለነበረ የሞሰብ ስፌት ይዤ ነበር፤ ለአለላ የገዛሁት ቀይ የሣር ማቅለሚያ ቤት ውስጥ አለ። አለላ ማቅለም ደግሞ ማንም አያስተምረኝም። ውሃ ይፈላል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ሣሩ ይገባል፣ ቀለም እስኪጠጣ ይንተከተካል። ጫማም ከሣር አይበልጥም ብዬ አራቱንም እግር አሮጌ ድስት ውስጥ ዘፍቄ እሳት ላይ ጣድሁት። ሣር የጎማ ሶል እንደሌለው ትዝ ያለኝ ቤቱ ጎማ ጎማ ሲሸት ነው።

ባሌ የጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነበር። በዚያ በር ብዙ ጨርቅ ስለሚያልፍ ስለ ቀለም የሚያውቅ ይመስለዋል። ገብቶ ክዳኑን አነሣ።

«ጨው አለው?»

«እራት አይደለም።»

«ለቀለሙ ነው የምልሽ። ጨው ያስይዘዋል፤ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

በእፍኝ ጨመርሁበት። ጫማዎቹ ሲወጡ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገዋል፤ የሆነ ነገር የሸተታቸው ይመስላሉ። ነጩ በርበሬ የመሰለ ቀይ ሆኗል። ካኪው ግን የራሱን ቀለም አልለቅም ብሎ ቀዩንም ደርቦ ጠጥቶ ቁጭ ብሏል።

«የእኔ ቀይ ናት» አለች ታላቋ።

«የእኔ ጉበት ናት» አለች ታናሿ። እውነቷን ነው፤ የበሬ ጉበት።

በማግስቱ ለማለቅለቅ ጣና ዳር ወሰድኋቸው። ውሃው እስከ ጉልበቴ ቀላ። በታንኳ የሚያልፉ ሽማግሌ መቅዘፋቸውን አቁመው አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ምን አርደሽ ነው?»

«ጫማ።»

 ታንኳ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም።

ያለቀለቅሁትን ሳላስተውል ድንጋይ ላይ ደርድሬ ኖሯል። ቀና ስል አንድ ቀይ፣ አንድ ጉበት፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ጉበት ሆነው ተሰልፈዋል። ተቀምጬ ብቻዬን ሣቅሁ።

የሰልፉ ዕለት ልጆቼን አንዷን ቀኝ እግሯን ቀይ፣ ግራዋን ጉበት አደረግኋት። ሌላዋን በተገላቢጦሽ። ሊቀ መንበሯ አየቻቸው፤ ጎንበስ ብላ ደግማ አየቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መመሳሰል። አንዷን ከአንዷ ያስተያዩዋት።»

«የአንዷ ቀይ በቀኝ ነው፣ የአንዷ በግራ ነው።»

«ጨርቁንስ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ አይደለም የምትይዘው?»

ልጇን ልትጠራ ዞረች። ከበሮው ተመታና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ልጆቼም ከፊት ሄዱ። ታናሿ ጉልበቷን ከወታደሮቹ አስበልጣ ነበር የምታነሣው።

ሌሊቱን ዘንቦ አስፋልቱ ኩሬ በኩሬ ነበር። ጨዉ ምን እንዳስያዘ እንጃ፣ ቀለሙን ግን አላስያዘም። ልጆቼ በረገጡት ኩሬ ሁሉ ውሃው ቀላ። ከኋላቸው ያለው ረድፍ በዚያው ገባ፤ የሊቀ መንበሯም ልጅ እዚያ ረድፍ ውስጥ ነበረች። ባሌ ከዳር ሆኖ «ትንሽ ጨው ነበር የጎደለው» ይለኛል።

ማታ በሬ ተንኳኳ። ሊቀ መንበሯ የልጇን ጫማ በፌስታል ይዛ ቆማለች። አንዱ ነጭ ነው፤ አንዱ ኩሬ ውስጥ ገብቶ እስከ ማሰሪያው ቀልቷል።

«እትዬ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ጓድ ነበርሁ። «ቀለም ተርፎሽ ይሆን?»

የቀለሙን ብልቃጥ አምጥቼ ብርሃን ላይ አሳየኋት። መዋሸት አልወድም።

«ለአንድ እግር ይሆናል።»

«ለአንዱማ ኩሬው አቅልሞልኛል» አለች ፌስታሉን እያየች። «ነጩን ብትነክሪልኝ ይመሳሰሉ ይሆን?»

ይሄን ጊዜ ታናሿ እግሯን ልትታጠብ ከጓዳ ብቅ አለች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀልታለች። ባለሱቁ እንደሚያደርገው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ቀይ ብቻ ነው ያለን» አለቻት። «ጉበት አልቋል።»