የሙለታ ኮረሪማ

ሙለታ ያደገው ከጎሬ በታች፣ ፀሐይ እንደልቧ በማትገባበት ጫካ ነው። ሆዱን ሲቆርጠው እናቱ የቀላ ኮረሪማ ከተክሉ ሥር ለቅማ፣ ፍሬውን አድቅቃ ታጎርሰው ነበር። ሃያ ዓመት ሞልቶት አዲስ አበባ ሲገባም ሙያው እሱው ሆነ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በክር የተሰካ ኮረሪማ መሸጥ። ለወጥ የሚፈልጉት ገዝተው ይሄዳሉ፤ ሆዳቸውን የሚነፋቸው ግን ምክርም ይጠይቁታል። "ወቅጠሽ ከማር ጋር፣ በባዶ ሆድ" ይላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ብሏል፤ ብዙዎች ተመልሰው መርቀውታል።

ባለፈው ዓመት ሚስቱን ዕፀገነትን ሆዷን ያማት ጀመር። አብነት ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ጠዋት ጠዋት ራሱ እየወቀጠ ሰጣት። ቀለል ይላታል፤ ደግሞ ያማታል፤ ደግሞ ይወቅጣል።

በዚያው ሰሞን ሶረቲ የምትባል ተመራማሪ ለላቦራቶሪ ኮረሪማ ልትገዛ መጣች። ዘይቱን አውጥተው ጀርም ላይ እንደሞከሩት፣ አንዳንዱንም እንደገደለ ነገረችው። የሙለታ ፊት በራ።

"እናቴ ታውቅ ነበር!" አለና የሚስቱንም ነገር አጫወታት።

"ጋሼ፣ እኛ የሞከርነው በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ሰው ላይ ገና ነው። እባክዎ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።"

እሱ ግን ልቡ የያዘው የፊተኛውን ወሬ ነው። ለሚስቱ የኮረሪማውን መጠን ጨመረላት።

ዕፀገነት ቀሚሷ ሰፋት፤ ምግብ አልወርድ አላት። ሆስፒታል ሲደርሱ ሕመሙ ከጀመራት አምስት ወር አልፎ ነበር። ሐኪሙ ሙለታን ለብቻው ጠርቶ፣ "ሆዳቸው ውስጥ የካንሰር እባጭ አለ፤ ጉበታቸውንም ይዞታል፤ ኦፕራሲዮን የሚሆን አይደለም" አለው።

"ኮረሪማው ነው የጎዳት?"

"አይደለም። እያስታገሠላቸው ጊዜው ሄደ እንጂ።"

ሁለት ወር ቆየች። በመጨረሻው ሳምንት "እስቲ ከዚያው ስጠኝ" ስትለው ሙቀጫውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ምን ታውቅ ነበር አንተ?" ብላ አጽናናችው። ሶረቲ ሐኪም ቤት እንዲወስዳት ነግራው እንደነበር ሊነግራት አልቻለም። ሳይነግራት ሞተች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ መጣች።

"ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ወር አለፈው።"

"መጀመሪያ ተመርመሪ፣ ልጄ። እኔ ለሆድ አልሸጥም።"

ገላመጠችውና ከጎኑ ካለው ነጋዴ ገዛች። ሙለታ ሊጠራት ብድግ አለ፤ ስሟን አያውቅም። መንገዱን ተሻግራ በሰው መሀል ጠፋች።