«ስልክ እኮ ይሠራል»

እህቴ ዙቤይዳ መስማት የተሳናት በአራት ዓመቷ፣ ማጅራት ገትር ይዟት ነው። ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ዙቤይዳ ቢባል የማያውቃት የለም፤ ስሟን መጥራት የማይፈልግ ደግሞ «ዱዳዋ» ይላታል። ዱዳ አይደለችም። ድምፅ አላት፤ የምታወጣው ግን ሲብስባት ብቻ ነው። ወሬዋ በእጇ ነው፤ እጇ ከእኔ ምላስ ይፈጥናል። እኔ ወንድሟ ሪድዋን ነኝ፣ ባጃጅ ነጂ። የእሷን ለሰው፣ የሰውን ለእሷ የምተረጉመው ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ነኝ።

ዘይና የምትባል ጓደኛ አለቻት። ደሴ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተ ክፍል አብረው ተቀምጠው ነው የተዋወቁት። ዙቤይዳ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች። ዘይናን ግን ፊደል በቅጡ ሳትለይ አባቷ አስወጥቶ ባቲ ዳራት። ባሏ ሸምሱ ግመል ይነግዳል፤ ከወሩ አብዛኛውን ቀን ቆላ ነው። እናም ዘይና ልቧን የምትነግረው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ በስልክ ምስል የምታያት ዙቤይዳ። እህቴ ስልኳን የስፌት መኪናው ላይ ታቆመዋለች፤ ሁለቱ እጃቸውን እያወናጨፉ ይሳሳቃሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ዘይና ሐኪም ዘንድ ስትሄድም እንደዚያው ነው። ያመማትን በእጇ ትነግራታለች፤ ዙቤይዳ በጽሑፍ ትልክላታለች፤ ዘይና ስልኩን ለነርሷ ትሰጣለች።

ከዚያ ኔት ተዘጋ። ግጭቱ ነው፣ ለጸጥታ ነው ተባለ። ሁለት ሳምንት ነው ብለን ጠበቅን። ወር ሆነ፤ ሦስት ወር ሆነ። ባንኩ ግን ይሠራል። ቢሮው ይሠራል። ኢኮኖሚው እንዳይጎዳ ለእነሱ መስመር ተለቀቀላቸው። እኛ ደጃቸው ላይ ቆመን በመስኮት እናያቸዋለን።

ኔት በተዘጋ በአራተኛው ወር ዘይና እርጉዝ ነበረች፣ ስምንት ወሯ። እግሯ አበጠ፤ ራሷን ይፈልጣት ጀመር፤ ዓይኗ ይጨልማል። ሸምሱ ቆላ ነበር። ብቻዋን አንድ ክሊኒክ ሄዳ ራሷን እየያዘች፣ ዓይኗን እየጠቆመች ነገረቻቸው። እነሱ የዓይን ቅባት ሰጥተው ሸኟት። በማግስቱ ጎረቤት ሲገባ አንቀጥቅጧት አረፋ ደፍቃ አገኛት። እሷ ተረፈች፣ አልሃምዱሊላህ። ልጇ አልተረፈም።

ሸምሱ ደውሎ ሲነግረኝ ዙቤይዳን ይዤ ባቲ ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዘይና እጇን ለማንሳት አቅም ስላልነበራት ደረቷ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ብቻ ነገረቻት።

«ደጋግሜ ነገርኳቸው» አለቻት። «ዝንብ የማባርር ነው የመሰላቸው።»



በሳምንቱ ከሚሴ ላይ ነጋዴዎች ለስብሰባ ተጠሩ፤ ዙቤይዳም ተጠርታ ነበርና ልተረጉምላት አብሬያት ሄድኩ። ከላይ የመጣ አንድ ኃላፊ፣ ለኢኮኖሚው ጠቃሚ የሆኑ ድርጅቶች ቅጽ ሞልተው መስመር ሊፈቀድላቸው እንደሚችል አስረዳ። ዙቤይዳ ተነስታ ቅጽ ተቀበለች። «የሥራ ዘርፍ» በሚለው ቦታ ላይ ጉልህ አድርጋ «መናገር» ብላ ጻፈችና ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

ሰውዬው አንብቦ ፈገግ አለ። «ይሄ ምንድን ነው እህቴ? ልብስ ስፌት ብለሽ ጻፊ እንጂ። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፊ የለም እንዴ? ይፈቀድልሻል።»

ተረጎምኩላት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«የሚፈቀደው ለመርፌዬ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም ማለት ነው?» አለች፤ እኔ በአፌ አወጣሁላት። «ዘይናስ? ዘይና ሱቅ የላትም። ሱቅ የሌለው ሰው አፉ ተሰፍቶ ይቀመጥ? ልጇን ቀበረች እኮ!»

«እናዝናለን» አለ። «ግን ሕዝቡን ሙሉ በሙሉ አልዘጋንበትም። ስልክ እኮ ይሠራል። ትደውል።»

ይህን ልተረጉም እጄ እምቢ አለኝ። እሷ ግን ከከንፈሩ አነበበችው። ያኔ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ቃል አልነበረም፤ ጩኸት ነው። ስልኳን አውጥታ የዘይናን ቁጥር ደወለችና የሰውዬው ጆሮ ላይ ለጠፈችው። በሌላው እጇ፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ «አናግራት! ይሠራል አላልክም? አናግራት!» አለችው።

ስልኩ ይጠራል። የሚያነሳ የለም። 

በርበሬ ነጋዴው አባባ ዓብዱልመጂድ ከኋላ ተነሱ። «ልጄ፣ አናግራት እንጂ» አሉት። ቅጻቸውን ቀደው ወጡ። ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው። ሌሎቹ አቀርቅረው ሞሉ። ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም እል ነበር። ወላሂ፣ እፈርድባቸዋለሁ።

እኔን በር ላይ አንድ ፖሊስ ያዘኝና «እህትህን ሥርዓት አስይዝ» አለኝ። ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መስመሩ አልተሰጣትም። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ቀን ኔት ለሁሉም ተለቀቀ። ይቅርታ ያለን የለም፤ እንዲያውም እንደ ስጦታ አድርገው አወሩልን።

ዘይና በዓመቱ ዳግም አረገዘች። ሁለት ወር ሲቀራት ጓዟን ይዛ እኛ ቤት መጣች።

«አሁን እኮ ኔት አለ» አልኳት።

«ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ አይቻለሁ» አለችኝ በእጇ።

ስትወልድ ዙቤይዳ ከራስጌዋ አልተነሳችም። አዋላጇ እየሩሳሌም ጥያቄዋን በወረቀት ትጽፋለች፤ እህቴ ለዘይና በእጇ ታስረዳና መልሱን ትጽፍላታለች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ፋሪዳ አሏት።

«እንግዲህ ዘይናን አላህ ካሳት፣ ተይው» ይሏታል የሰፈሩ ሴቶች ዙቤይዳን። እሷ አልተወችም። ኔት የመዝጋቱ ውሳኔ የማን እንደነበር፣ ባንክ ሲፈቀድለት ዘይና ለምን እንደተከለከለች ጠይቃ ፈቃዱን ይሰጥ ለነበረው ቢሮ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። መልስ የለም። አራተኛውን ባለፈው ማክሰኞ እኔው ወስጄ ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ልትቀበለኝ ስታቅማማ፣ ማኅተም እስክታደርግበት ድረስ ከጠረጴዛዋ ንቅንቅ አላልኩም።