ፍሰሐ የማይወደው አንድ ነገር

ፍሰሐ አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ውስጥ ባለ ወርክሾፕ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ብረት ሲቀርጽ ስለኖረ፣ ስለቱ መዶልዶሙን በድምፁ ብቻ ያውቃል። እሱ ራሱ ምን እንደሚወድ ግን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በልጅነቱ የቀረበለትን በላ፤ ሲያድግ የተመደበለትን ሠራ፤ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ ቀበሌ ያመጣውን ጨርቅ ለበሰ።

በ1975 ዓ.ም. ኖዳ የሚባል ወጣት ጃፓናዊ አሠልጣኝ ወደ ወርክሾፑ መጣ። ከስምንቱ ሠራተኞች አንዱ ለስድስት ወር ትምህርት ጃፓን ይሄዳል ተባለ። ፈተናው ቅዳሜ ነው፤ ተፈታኙ ሦስት የሚወደውን፣ አንድ የማይወደውን ነገር በጃፓንኛ ይናገራል። "ስኪ ዴስ" ማለት እወዳለሁ ነው፤ "ስኪ ጃናይ ዴስ" ደግሞ አልወድም።

ፍሰሐ በልምምዱ ላይ ሁሉንም ወደደ። ዝናብ ስኪ ዴስ፤ ፀሐይ ስኪ ዴስ፤ ዓሣም፣ ሰኞም።

"ጋሽ ፍሰሐ፣ ሰው ሁሉን አይወድም" አለ ኖዳ በተሰባበረ አማርኛው።

"የአብዮቱን ጠላቶች አልወድም ይበል፤ ማን ይከራከረዋል?" አለ የሥራ ጓደኛው ሙለታ። ሁሉም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ በሩን አዩ።

"ከቤትዎ የሆነ ነገር ይሁን" አለ ኖዳ።

ፍሰሐ ጌጃ ሰፈር እስካለው ቤቱ ድረስ የማይወደውን እየፈለገ ሄደ። አላገኘም። ሐሙስ ምሽት ግን ሚስቱ ጠጅቱ እንደ ልማዷ ዱለት ጠቅልላ አጎረሰችው፤ ያን ጊዜ አፉ ነገረው። ከተጋቡ ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳያላምጥ ሲውጠው ኖሯል! የጠፋ ዕቃ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው ደነገጠ።

ከእራት በኋላ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተለማመደ። "ዱለት ስኪ ጃናይ ዴስ።"

"ዱለቱን ምን አልከው?" አለች ጠጅቱ።

ዋሽቶ አያውቅም፤ ነገራት።

"ለጃፓኑ ከምትነግረው ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበር?"

"ካንቺ እጅ የመጣ እንዴት ይመለሳል ብዬ ነው።"

አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ "እኔንም አስተምረኝ" አለችው። ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገማት፤ እሷም እየሳቀች ሞከረችው። በአራተኛው ግን ሳቋን ትታ "ጃፓን መሄድህ ስኪ ጃናይ ዴስ" አለች።

ፍሰሐ ክው አለ። "ታዲያ ልቅር?"

"አልወድም አልኩ እንጂ አትሂድ መቼ ወጣኝ? አንተ ዱለቱን አልወድም ስትል ልድፋው አልኩ?"

ይህን ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርደው አደረ። አለመውደድን ተናግሮ አብሮ መቀመጥ እንደሚቻል ያስተማረው ማንም አልነበረም።

ቅዳሜ በፈተናው ላይ ዱለቱን ያለ ፍርሃት ተናገረ። ኖዳ ሳቀና ስሙን ጻፈ።

"ተመረጥኩ" አላት ቤት ሲገባ፣ ገና ከበሩ።

ጠጅቱ እጁን አስታጠበችው። ምሳ አቀረበች፤ ትሪው ላይ ዱለትም አለ፣ ዓይብም አለ፣ ምስርም አለ። እንጀራ ቆረሰችና እጇን ትሪው ላይ አንዣብባ ቆመች።

"ከየቱ?" አለችው።

ፍሰሐ ትሪውን እንደ አዲስ አገር አየው።

"ቆይ እስቲ፣ ላስብበት።"

"ቶሎ በል" አለች ጠጅቱ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ እየሳቀች፤ "እጄ ዛለ።"