የማይቆጥረው ማሽን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን የንግድ ሥልጠና ወስጃለሁ። ማስታወሻ ደብተሩ አሁንም አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፤ «ደንበኛ የሚያምነው ቁጥር ነው። ቁጥሩን አሳየው፤ ጮክ ብለህ ንገረው።» ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ይህን ሲናገር አዳራሹን ከዳር ዳር ይንጎራደድበት ነበር። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ መስታወት ፊት እየቆምሁ መናገር ተለማመድሁ። አንድ ነገር ከያዝሁ የማልለቅ ሰው ነኝ፤ እናቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የምትለኝ ያለ ነገር አይደለም።

በዚያን ጊዜ ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ሆነን እህል መውቂያ ማሽን ልንገዛ ነበር። ሦስታችንም በማኔጅመንት ተመርቀን፣ ለዓመታት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስናነብ የኖርን ነን። የእኔን ድርሻ የሞላልኝ አባቴ ነው። ሁለት በሬዎቹን፣ ቀዩንና ግንባረ ነጩን ቦራ፣ ይጁቤ ገበያ ነድቶ ሸጠልኝ። ሲመለስ በእጁ ጅራፉ ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰቀለውና «እስከ ግንቦት በሬ ብዙም አይጎድልብኝም። በግንቦት ግን እንዳታሳፍረኝ» አለኝ።

ያለው በደንብ ገብቶኛል። እርሻ ሲጀመር በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ይሰጣል። አባቴ ደግሞ በቀጥ ያለ ትልሙ የሚታወቅ ሰው ነው። የገዛ ማሳውን ሌላ ሰው ሲያርሰው ዳር ቆሞ ማየት ለእሱ ከሞት አይተናነስም። ይህን እያወቅሁ ነው ገንዘቡን የተቀበልሁት።

ማሽኑ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ሲደርስ ሦስታችንም ሄደን ተቀበልነው። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ አፈ ሰፊ፣ ድምፁ ከወዲያ ማዶ የሚሰማ ነበር። ለመጀመሪያ ሥራ የመረጥሁት ከይጁቤ ወጣ ብለው የሚኖሩ የአንድ ሽማግሌን አውድማ ነው። ሽማግሌው ተሰሚ ሰው ናቸው። ዕርቅ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው፣ በጽዋ ማኅበሩም ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። «እሳቸውን የያዘ አገሩን ያዘ» ብዬ ለጓደኞቼ አስረዳሁ። ይህም ከደብተሬ የወጣ ነበር። ደውዬ አሳመንኋቸው፤ ዘጠኝ ጎረቤቶቻቸውም የእሳቸውን አይተን እንቀጥላለን ብለው ቀጠሮ ያዙልን።

በቀጠሮው ቀን ስንደርስ ስንዴው ተከምሮ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቆ ይጠብቀናል። ጎረቤቶቹ ጫማቸውን ዳር አውልቀው ገብተዋል። እኔ ለዕለቱ የገዛሁትን አዲስ የቆዳ ጫማ እንዳደረግሁ መሐል ድረስ ዘለቅሁ። ገበሬ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ፤ አውድማ በጫማ እንደማይገባ አላውቅም አልልም። አውቃለሁ። ግን በዚያን ሰዓት በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ንግግሬ ብቻ ነበር።

ማሽኑ ተነሣ። ስንዴው ጆንያ መሙላት ሲጀምር እጄን ወደ ላይ አንሥቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መቁጠር ጀመርሁ።

«አንድ! ሁለት!»

ስልኬን አውጥቼ ደቂቃውንም እጠራለሁ። «ይኸው ስድስት ጆንያ፣ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም! በበሬ ቢሆን ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?» ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔ የተደነቁ መሰለኝ። «ሰባት!» አልሁ፣ ከበፊቱ የበለጠ ጮኼ።

ሽማግሌው ገለባ በሚያነሡበት መንሻቸው ተደግፈው ቆሙና «አጥፋው» አሉ።

«ምነው አባቴ? ገና እኮ ነው።»

«የእግዜርን በረከት አውድማ ላይ ቆጠርኸው፣ ልጄ። የቀረውን በበሬ እናበራየዋለን። አንተ ማሽንህን ይዘህ በሰላም ሂድ።»

በእኛ አገር እህል አውድማ ላይ አይቆጠርም። ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቁጥር ከተጠራበት በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ሰው አመነበትም አላመነበትም፣ በሰው አውድማ ላይ ቆሞ ቁጥር አይጠራም። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ፤ የእኔ አፍ ያመለጠው ሰባት ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ዘጠኙም ገበሬዎች እየደወሉ ቀጠሯቸውን ሰረዙ። አንዱ አጎቴ ታመመ አለ፣ ሌላው አማቴ ታመሙ አለ። በአንድ ቀን ያን ያህል የታመመ ዘመድ ሰምቼ አላውቅም። ማሽኑ ሸራ ለብሶ ግቢያችን ውስጥ፣ ቀዩና ቦራው ይታሰሩበት በነበረው ቦታ ላይ ቆመ።

አባቴ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። ነገርሁት።

«ቆጠርህ?» አለ ብቻ።

«አዎ፣ ቆጠርሁ! የምንከፈለው በኩንታል ነው። ታዲያ ሳንቆጥር በምን እንወቅ?» ብዬ ጮኽሁበት። በራሴ አፍሬ እሱ ላይ መጮኼ ዛሬም ይቆጨኛል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ አየሁትና ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። «ወንፈል ነው» አለኝ። ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፣ ሌላ ቀን እኔ የአንተን አጭዳለሁ ማለት ነው፤ ቀን የሚመለሰው በቀን ነው። የማን ወንፈል እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የራሴ ጭንቀት ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛውን ትምህርት የጀመርሁት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ቅጽሩ ጥግ ተቀምጠው ዕርቅ ሲያዩ ከኋላቸው እየተቀመጥሁ አዳመጥሁ። ማንም ጉዳዩን ፊት ለፊት አይጀምርም። መጀመሪያ የቤተሰብ ደኅንነት ይጠየቃል፣ ቀጥሎ የከብቱ፣ ከዚያ የዝናቡ ነገር ይነሣል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይገባም። አሠልጣኛችን ዝምታ ገበያ ይገድላል ብሎን ነበር፤ እዚህ ግን አንድ ሽማግሌ ዝም ብሎ በከዘራው መሬት ሲጭር፣ የተጣሉት ሰዎች ራሳቸው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ሲሠራ ያየሁት ግን ያኔ ነው።

ትንሽ ቆይቼ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። ጫማዬን ከአጥሩ ውጭ አወለቅሁ። ይህስ እንኳ በዝቶ ነበር፤ ግቢ በጫማ ይገባል። ስለ ቤተሰባቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡም ጠየቅሁ። ታኅሣሥ ነበር፣ ጠብታ አልነበረም፤ ቢሆንም ጠየቅሁ። ከዚያ «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ። አውድማዎን ደፍሬያለሁና ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ገባሁበት። ስለ ወጣትነት ችኮላ፣ ስለ ትልቅ ሰው ይቅርታ፣ አፍሳ ስለለቀመችው ችኩል ሴት ሳይቀር ለግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርሁ። በመጨረሻም መላ አቀረብሁ። ከእንግዲህ እኛ አንቆጥርም፤ እህሉ ቤት ይግባ፣ ባለቤቱ ሲመቸው ሰፍሮ ይህን ያህል ሆነ ይበለን፣ እኛ ቃሉን እናምናለን።

ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ጨረስህ?»

«ጨርሻለሁ፣ አባቴ።»

«ጤፉ ተከምሯል። ማክሰኞ ና።»

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ለራሴ ደጋገምሁት። የትኛው ቃል እንዳሸነፋቸው ለይቼ ደብተሬ ላይ ልጽፈው ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ በባዶ እግሬ ገብቼ ጤፋቸውን ወቃሁላቸው። አንድም ቁጥር ከአፌ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ወሬው ከአውድማ ወደ አውድማ ሄደ። ገበሬዎቹ «የማይቆጥረው ማሽን» የሚል ስም አወጡልን። አንዱ በማኅበሩ ጽዋ ላይ ያወራል፣ ሌላው ጉንደ ወይን ላለ የክርስትና ልጁ ይደውላል። እኛ አንድ ማስታወቂያ አልለጠፍንም። እኔ የሠራሁት ቢኖር የእያንዳንዱን ሰው የማኅበር ቀንና የደብሩን ንግሥ ስልኬ ላይ መዝግቤ፣ በዚያ ቀን ስለ ሥራ አለመደወል ነው። እንኳን አደረሰህ ለማለት ግን እደውላለሁ። ጓደኞቼ «ቢዋሹንስ?» እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር። አሳንሶ የነገረን የመሰለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሳምንት በኋላ ደውሎ «ስሰፍር ተሳስቼ ነበር» አለን። ማሽኑ እስከ የካቲት መጨረሻ ሸራውን አልለበሰም።

በሚያዝያ ያው አሠልጣኝ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ለአዲስ ሠልጣኞች ልምዴን እንዳካፍል ጠራኝ። «አንድ ንግግር ሥራዬን አዳነው» ብዬ ጀመርሁ። ሽማግሌው ፊት ያልሁትን ሁሉ ደገምሁላቸው፤ እንዲያውም ትንሽ ጨመር አድርጌበታለሁ። ቆመው አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በግንቦት መጀመሪያ በሬ ልገዛ ይጁቤ ገበያ ወጣሁ። አባቴን ላስደንቀው ብዬ አልነገርሁትም። በሬ መምረጥ ስለማልችል ሽማግሌው እንዲያግዙኝ ለምኛቸው ነበርና እዚያው ጠበቁኝ። ጥርስ አዩ፣ ሻኛ ዳሰሱ፣ ወዲያ ወዲህ አስኬዱ። ብዙ በሬ ከጣሉ በኋላ ሁለት መረጡልኝ። አንደኛው ቦራ ነው። ገመዱን ሲያቀብሉኝ «እንግዲህ የአባትህ ቀን ፍሬ አፈራች» አሉ።

«የምን ቀን?»

ትክ ብለው አዩኝ። «አልነገረህም? ያኔ ባባረርሁህ በሦስተኛው ቀን ጤፌን ሳሳጭድ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግሩ ተጉዞ፣ ማጭዱን ይዞ መጣ። ከሰዎቹ ጋር ገብቶ ሲያጭድ ዋለ። ስለ አንተ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሥራው ሲያበቃ መቼ ልምጣልህ አልሁት። የሰው ቀን በልቼ ዝም አልልም! እሱም ‹የእኔ እህል ገብቷል፣ የማሳጭደው የለኝም። ቀኑን ለልጄ ስጠው› አለኝ።»

ገመዱን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። «ታዲያ እኔ መጥቼ የተናገርሁትስ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንተማ ባትናገርም ማክሰኞ የአባትህ ነበረች። ቶሎ ብትጨርስልኝ ከብቶቼን ውኃ አጠጣ ነበር።»

በሬዎቹን እየነዳሁ ስሄድ አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች በዓይኔ ላይ መጡብኝ፤ ፊቴ በእፍረት ጋለ። አባቴ የሚሄድበትን እንኳ ሳልጠይቀው የቀረሁበትን ጠዋት ሳስብ ደግሞ ልቤ ተሰበረ። ቤት ስደርስ ደጅ ቆሞ ነበር። የቦራውን ግንባር ዳሰሰ፣ ገባ ብሎ ጅራፉን ከግድግዳው አወረደ። መንገድ ላይ ለእሱ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። «አባዬ፣ ስለዚያች የወንፈል ቀን ሰማሁ» አልሁና ከዚያ በላይ መቀጠል አቃተኝ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ወንፈል አይደል? ነገ ትመልስልኛለህ» አለኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ጫማዬን አውልቄ እርፉን ጨበጥሁ። ትልሜ ገና ከመጀመሪያው ተጣመመ። አባቴ እርፉን ተቀበለኝና ትልሙን ተመልሶ አቃናው።