የቦራ መንጋጋ

ባለፈው ሳምንት ግቢዬ ውስጥ ክፍል የተከራየችው ነርስ አንድ የቆሰለ ቡችላ በካርቶን ይዛ መጣች። ባጃጅ ገጭቶት ኖሮ የኋላ እግሩ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መሃል በፋሻ ታስሯል። «እማማ ዘሃራ፣ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው፤ አሥር ቀን ብቻ ይያዙልኝ። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ በወተት ነው የሚወስደው» አለችኝ። ልጅቷን እንደ ልጄ ነው የማያት፣ እምቢ ብያት አላውቅም። ያን ቀን ግን እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። «ውሻ በእስልምና ነጃሳ ስለሆነ ነው?» ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። አዎ ማለቱ ቀለለኝና አዎ አልኳት። ውሸቴን ነበር። ካርቶኗን ይዛ ወደ ጎረቤት ስትሻገር በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዘጠናን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፣ ከዚህ በኋላ ለየትኛው ቀን ላስቀምጠው?

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛው መኸር ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ሞታ ከአባቴ ጋር ብቻ እንኖር ነበር። ማሳችን ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ከተራራው ሥር ነው። ማሽላው ሲያሸት ከማለዳ እስከ ጀምበር ጥልቂያ ማማ ላይ ወጥቼ ጅራፍ እያጮህኩ ወፍ እጠብቃለሁ። እኛ በቆላው ሐሩር ስንቃጠል ከበላያችን ደብረ ሲና በጉም ተሸፍኖ ይታያል፤ በዚያ በኩል መንገድ የሚጠርጉት ሰዎች ደማሚት ባፈነዱ ቁጥር ማማዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ዘመን ሳስብ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው የጥንቅሽ ጣዕም ነው። ልብ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እንጃ፤ ከዚያ ሁሉ ክፋት መሃል ጥንቅሹን መርጦ ያስቀምጣል።

ከማሳችን ከፍ ብሎ ሽፈራው የሚባል ክርስቲያን ጎረቤት ነበረን። እሱም አባቴም አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው አቀናጅተው ያርሱ ነበር። በኋላ ሽፈራው ጫካ ገባ፣ አርበኛ ሆነ። ባንዶች ሊይዙት መጥተው ሲያጡት ቤቱን አቃጠሉት። ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ውሻ ነበረው፤ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባ ሲላቸው አንዱ በጠመንጃ ሰደፍ መንጋጋውን አደቀቀው።

በማግሥቱ የሽፈራው እናት እማማ የሺ ውሻውን እንደ ሕፃን አዝለው ማማዬ ሥር መጡ። ልብሳቸው አመድና ደም ነበር።

«ዘሃራዬ፣ ከእንግዲህ የማድረው በዘመድ ቤት ነው። ውሻ ይዤ ብመጣ እኔንም አያስገቡኝም» አሉ። «እስኪድን ያዢልኝ። ሽፈሬ ከቡችላነቱ ያሳደገው ነው።»

«እማማ፣ ውሻ እኮ ለእኛ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ ልጄ። ሌላ ሰው ቢኖረኝ አንቺን አላስቸግርም ነበር።»

አባቴ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። «ቤት እንዳይገባ፣ ማማው ሥር ይሁን» አለ። «በነካሽው ቁጥር ሰባት ጊዜ ታጠቢ፣ አንዱን በአፈር። አዝመራው ሲነሳ ግን እዚህ እንዳላየው።» ነገሩ ሃይማኖት ብቻ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። የአርበኛ ውሻ ማስጠጋት አርበኛውን ከማስጠጋት አይለይም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ተላ። ትሉን በግራር እሾህ አንድ በአንድ ለቀምኩ፣ በጨው ውኃ አጠብኩት፣ እሬት ቀባሁት። አባ ኡመር የሚባሉ ወጌሻ ነበሩን፤ ለምኜ አመጣኋቸው። «እጄ ለሰው ነው፣ ውሻ አልነካም» አሉና ራቅ ብለው ቆመው በበትራቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። «ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በስስ የጥጥ ጨርቅ እሰሪው። አርባ ቀን ምንም እንዳያኝክ። ካኘከ አበቃለት።» ከማሽላ ዱቄት ቀጭን አጥሚት እየሠራሁ፣ ጉንጩን በጣቴ ሳብ አድርጌ በጎን በኩል በቅል ጠብ ጠብ አደርግለት ጀመር። መጀመሪያ ያንቀው ነበር፣ እኔም አለቅስ ነበር። ከጊዜ በኋላ ቅሉን ሲያይ ራሱ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ከንፈሩን ይከፍትልኛል። ክንዴ ከመታጠብ ብዛት በአፈር ተልጦ ነበር።

ዳነ። መንጋጋው ግን ጠምሞ ገጠመ፤ ምላሱ በግራ በኩል ወጥቶ ቀረ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አጥሚት እንጂ ሌላ እንደማይበላ ታወቀ። ጠዋት ጠዋት ከማሳችን በላይ ወዳለው ገደል ዞሮ አየሩን እያሸተተ የታሰረበትን ገመድ ይጎትታል። ብፈታው የሚያጠጣው አጥቶ እንደሚሞት ስለማውቅ አልፈታሁትም።

አዝመራው ተነሳ። እማማ የሺ ዘንድ ላክሁ፤ «እኔ አሁንም በሰው ቤት ነኝ፤ ደግ ቤት ፈልጊለት» የሚል መልስ መጣልኝ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ይዤው ብወርድ ሳቁብኝ። «መንከስ የማይችል ውሻ ምን ሊረባ ነው? ጅብ ሲመጣ ሊልሰው ነው?» አሉኝ። አንዲት ሴት ብቻ አዘነችለት። በቀን ሦስት ጊዜ አጥሚት ማጠጣት እንዳለባት ስነግራት ግን «ለልጆቼስ የት አግኝቼ» ብላ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ማማውን ስነቅል አንድ ሰው በበቅሎ መጣ። ከጣሊያኖቹ ሰፈር ያለ አስተርጓሚ ነው። ስሙን አውቀው ነበር፤ ልጠራው አልፈልግም። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ካኪ ለብሷል፤ እንደ ሌሎቹ አልጮኸብኝም፤ ከበቅሎው ወርዶ «እንዴት ዋልሽ እኅቴ» አለኝ። እኅቴ ብሎ የጠራኝ የመንግሥት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ውሻው ቤት ይፈልጋል ሲባል ገበያ ላይ ሰማሁ። እኔ ውሻ እወዳለሁ። ሰፈራችን የቆርቆሮ ወተት ሞልቷል። የማን ነበር?»

«ባለቤት የለውም» አልኩ። በብልጠቴ ኮራሁ። እሱም ፈገግ አለ።

አመጋገቡን አሳየኝ አለ። መሬት ላይ ተቀምጦ ቅሉን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አጠጣው። እጁ ገር ነበር። ቦራ ጅራቱን ወዘወዘለት።

«ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?»

«ገመዱን እንዳይፈቱት» አልኩ። «ከተፈታ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ይጎትተኛል።»

«ወዴት ነው የሚጎትትሽ?»

እጄን ወደ ገደሉ ዘረጋሁ። «በዚያ በሸለቆው ሽቅብ።»

«አይዞሽ፣ አልፈታውም።»

ቅሉንም፣ ጨርቁንም፣ አንድ ቁና ዱቄትም ጨምሬ ሰጠሁት። ከሩቅ እስኪጠፉ ድረስ በደስታ እያለቀስኩ አየኋቸው። አባቴ ሲመጣ እየሮጥኩ ነገርኩት። የተሸከመውን አገዳ ጣለና «ለማን ሰጠሽው አልሽኝ?» አለ። ደገምኩለት። ቀና ብሎ ወደ ገደሉ አየ። «ለማንም አትናገሪ። ገመድ በጥሶ ጠፋ በይ።»

በአምስተኛው ቀን ቦራን ወደ ተቃጠለው ቤት ወስደው ፈቱት። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም፤ ሸለቆውን ሽቅብ ወጣ፣ ባንዶቹ ከኋላው። ሽፈራው ከሁለት ቁስለኞች ጋር ዋሻ ውስጥ ነበር። ቁስለኞቹን እዚያው ገደሏቸው። እሱን አስረው አወረዱት።

በገበያው ቀን ሕዝቡ በሙሉ እንዲወጣ ታዘዘ። ገበያው መሃል ባለው ዋርካ ሥር ሽፈራውን አንገቱ ላይ ገመድ አግብተው ሣጥን ላይ አቁመውታል፤ ቦራን ከሣጥኑ አጠገብ አስረውታል። የጣሊያኑ ሹም በቋንቋው ተናገረ፤ አስተርጓሚው በዚያው በለዘበ ድምፁ ተረጎመልን። ሽፈራው ንግግሩን የሚሰማ አይመስልም ነበር። ቁልቁል ውሻውን ሲያይ ቆየና «ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያዳነህ? እግዜር ይስጠው» አለ። ከዚያ ሣጥኑን መቱት።

አስተርጓሚው ሲመለስ በአጠገቤ አለፈ። ዝቅ ብሎ «እንዳልሽኝ ነው ያጠጣሁት፣ በጉንጩ በኩል» አለኝ። በሹፈት ይሁን በምስጋና እስከ ዛሬ አላውቅም። ከጎኔ የቆመችው ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። «ምን አለሽ? ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለች። ሌሎችም ዞሩ።

ይህን ጊዜ አንዱ ወታደር የቦራን ገመድ ቆርጦ በጫማው ገፋው። ከሕዝቡ መሃል «ጌታውን የሸጠ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቦራ ሰዉን እያሸተተ መጥቶ አገኘኝ። ፊቴ ቆመና ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ከንፈሩን ከፈተልኝ። ሴትዮዋ አሁንም እያየችኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ። የመጀመሪያውን የወረወርኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ሕዝቡ ጨረሰው። ጣሊያንን መውገር ስላልቻሉ እሱን ወገሩት። አልጮኸም፤ ሊሮጥም አልሞከረም። ማታ እጄን ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፣ አንዱን በአፈር።

ጣሊያን ሲወጣ እማማ የሺ ተመልሰው በላያችን ጎጆ ቀለሱ። አስተርጓሚው ሌላ አገር ሹመት አገኘ ሲሉ ሰማሁ። እማማን ሃያ ዓመት ውኃ ቀዳሁላቸው፣ እንጨት ለቀምኩላቸው። አንድ ቀን ቦራ እንዴት ከእጄ እንደወጣ ጠየቁኝ፤ አባቴ እንዳስጠናኝ ገመድ በጥሶ ጠፋ አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ጌታው ናፍቆት ነው» አሉ። ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው «ለውሻችን እንኳ የራራሽ ነሽ፤ እንዳንቺ ያለ ልብ አላየሁም» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ዛሬ የሠፈሩ ልጆች ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ ጣሊያንንና ባንዳን እረግማለሁ፣ እነሱም አብረውኝ ይረግማሉ። ብቻዬን ስቀር ግን የማስበው ሌላ ነው። ጌታዬ ፊት ስቀርብ ውሻውን ለምን ሰጠሽ ቢለኝ መልስ አለኝ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ተንኮሉን አላወቅሁም፣ ደግ ቤት ያገኘሁለት መስሎኝ ነበር እላለሁ። ምናልባት ይምረኛል። ድንጋዩን ግን እያወቅሁ ነው ያነሳሁት።