ለሩቅ ሰው የፈሰሰ እንባ

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምቱ ገብቶ ቱሪስቱ ሲጠፋና የላሊበላ ሆቴሎች ሠራተኞቻቸውን ሲያሰናብቱ፣ በእኛ ቤት ምሽቱ የመምህር ካሳ ነበር። መምህር ካሳ አብሬያት የምኖረው የአክስቴ የዘውዴ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። አንድ ፈረንጅ ትቶላቸው የሄደውን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ይዘው ይመጡና ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ በፋኖስ ብርሃን ገጹን እያዩ በአማርኛ ይተርኩልን ነበር። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ እኔና የአክስቴ ልጆች ፍሙን ከበን እናዳምጣለን።

ታሪኩ ጥጥ በሚመረትበት ሩቅ አገር የሆነ ነው። ድርቅና ሥራ ማጣት ነጩንም ጥቁሩንም አደህይቶታል። ነጩ ገበሬ ጫማው ተቀዶ፣ ልጆቹ ተርበው፣ የቀረው ኩራት አንድ ብቻ ነበር፤ ከጥቁሩ ጋር በአንድ በር አለመግባት፣ ከአንድ ቧንቧ አለመጠጣት። አንድ ምሽት መምህር፣ የታመመ ልጇን አዝላ ሐኪም ቤት የሄደች ልብስ አጣቢ ጥቁር ሴት በፊት ለፊቱ በር እንዳትገባ ተከልክላ ዝናብ ላይ ስትቆም ተረኩልን። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች።

«ኧረ እነዚህ ሰዎች ፈጣሪ የላቸውም? ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው!» አለች።

ያኔ ነው ከደጅ ሳል የሰማነው። ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ አክስቴ ያዘዘቻቸውን ድስት ይዘው መጥተው፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆመው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። በዕድሜ የአክስቴ ታላቅ ቢሆኑም ሰፈሩ ሁሉ «አንቺ» ነበር የሚላቸው።

«ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አሏቸው መምህር።

«ግድ የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል» አሉና፣ «ሴትዮዋስ? አስገቧት?» ሲሉ ጠየቁ።

መምህር ተነሥተው እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ ራሳቸው ሲጠጡበት በነበረው ብርጭቆ ጠላ ቀድተው ሰጧቸው። አክስቴ ፊቷ ተለዋወጠ።

«መምህር፣ ልጆች አሉኝ እኮ!» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ልጅ ይበላል እየተባልን ነው ያደግነው። ወይዘሮ ጥሩነሽም ገባቸው። አንዴ ፉት ብለው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡና፣ ድስቱን ትተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

አክስቴ ብርጭቆውን በጨርቅ ይዛ ወጣች፤ ድንጋይ ላይ ሲከሰከስ ሰማን። ተመልሳ እጇን በአመድ ታጠበችና ቦታዋ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«በሉ ይቀጥሉልን መምህር። ልጁ ተረፈ?»

መምህር አተኩረው አዩዋት። «ዘውዴ፣ በሩን ማን እንደዘጋው አልገባሽም?»

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! እነዚያ እኮ ሰዎች ናቸው!»

መምህር መጽሐፉን አጥፈው ወጡ። ምድጃው ላይ የሚንተከተከው የምስር ወጥ ያለበት ድስትም የወይዘሮ ጥሩነሽ እጅ ሥራ ነበር። ራት ሲቀርብ አንዴ ጎርሼ ሮጬ ወጣሁና አስመለስኩ።

ቀሪውን ታሪክ መምህር፣ ዝናቡ ባባራበት ቀን፣ በወይዘሮ ጥሩነሽ ደጅ፣ ሸክላው ከሚተኮስበት እሳት አጠገብ ተረኩት። እኔም ተደብቄ ሄድኩ። ልጁ አልተረፈም። ወይዘሮ ጥሩነሽ አላለቀሱም፤ «ዝናብ ላይ ያቆሟት ጊዜ አውቄዋለሁ» ብቻ አሉ።

እዚያ መሄዴን አክስቴ ስትሰማ አልመታችኝም። አለቀሰች። በማግስቱ ማለዳ ጠበል ወሰደችኝ፤ ቀዝቃዛው ውሃ በራሴ ላይ ሲወርድ «ልጄን አድናት» እያለች ትማጸን ነበር። የምድነው ከምን እንደሆነ ሳስብ፣ ከብርዱ ይልቅ ያ ልመና አንገሸገሸኝ።

አክስቴ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ለገና ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣን እንግዳ እግሩን አጥባ፣ ቁስሉን ቅቤ ቀብታ፣ አልጋዋን ለቃለት መሬት የምትተኛ ሴት ነበረች። ዛሬ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ያነበቡ ወዳጆቼ የነጮቹን ጭካኔ እያነሱ ሲጸየፉ አዳምጣለሁ። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነው፤ አመድ የነካው የአክስቴ እጅ ያን ምሽት ግንባሬን ሲዳብሰኝ፣ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።