«የሚታደስ የለም» ሲለኝ ያመንኩት ሰርቨር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህ ግን ብቻዬን መንገድ ስሄድ እንኳ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይቀላል።

ደባርቅ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበትን ሰርቨር የምጠብቀውም እኔው ነኝ። ሰርቨሩ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ አሮጌ ማሽን ነው፤ የሚኖረውም ድሮ የጠመኔና የወረቀት ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። በደባርቅ ብርድ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ይበቃል። ብርዱ የሚጎዳው እኔን ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሥራውን ሲያስረክበኝ ማሽኑ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፎ ነበር። የሊኑክሱ አዘጋጆች እስከ የትኛው ዓመት ድረስ አፕዴት፣ ማለትም ማደሻ፣ እንደሚልኩለት ይገልጻል። ዓመቱን አየሁና ገና ብዙ ጊዜ አለኝ ብዬ ተረጋጋሁ። በየሰኞው ማሽኑን አዲስ አፕዴት መጥቶ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። «የሚታደስ የለም» ይለኛል። እኔም ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ «ሰርቨራችን የሚታደስ ነገር እንኳ አልተገኘበትም» እላለሁ። የኮሌጁ ዲን በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ገበያነሽ የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ ከአዲ አርቃይ መጣች። ንጋት ላይ ተነሥታ፣ ሊማሊሞ ላይ የተበላሸ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶባት ሁለት ሰዓት ቆማ ነው የደረሰችው። ጎንደር ለሥራ ልትወዳደር ነው። ምዝገባው በማግስቱ ጠዋት ይዘጋል፤ ያለ ትራንስክሪፕት ደግሞ አይመዘግቧትም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው መኪና ሊያመልጣት አይገባም።

ውጤት የሚያትሙት የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ወይዘሮ ዓለምነሽ ናቸው። በዚያው ሳምንት አዲስ ኮምፒውተር ተሰጥቷቸው፣ አሮጌው ዳባት ወዳለው ቅርንጫፍ ተልኳል። አዲሱ ኮምፒውተር ሰርቨሩን አልከፍትም አለ። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ያወጣል። ተጠራሁ።

«ችግሩ የዚህ ኮምፒውተር ነው፤ ርካሽ ዕቃ ገዝተው ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ዓለምነሽም «ምነው፣ መርጠህ ያስገዛኸው አንተ አይደለህ?» አሉኝ።

ምንም ያላጠፋውን ኮምፒውተር አንድ ሰዓት ሙሉ ስፈታና ስገጥም ቆይቼ፣ በመጨረሻ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄድኩ። ገበያነሽ ሰዓቷን እያየች ተከተለችኝ። እኔ ቁልፍ ስነካካ እሷ የተለጠፈውን ወረቀት ታነባለች።

«ቲቸር፣ ይሄ ዓመት በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«በእኛ ነዋ» አልኳት ሳልዞር።

«ሊኑክሱን የሚሠሩት ፈረንጆች አይደሉም እንዴ?»

እጄ ቆመ። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አራት ዓመት ይቀረዋል ስል የነበረው የአፕዴት ጊዜ ካበቃ አራት ዓመት ሆኖታል። ማሽኑ «የሚታደስ የለም» ሲለኝ የከረመው የሚልክለት ሰው ስለሌለ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ግንኙነቱን አላምንም ያለውም ሰርቨሩ ጊዜው ስላለፈበት ነው። እኔ ደግሞ ይህንን በየሰኞው እንደ ድል አውጅ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሰው ሲያፍር ደግሞ ይቸኩላል። እዚያው ቆሜ ማሽኑን በአንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ሊኑክስ ላሻግረው ተነሣሁ። ትእዛዙን ጻፍኩ፤ የቀረኝ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

«ቲቸር፣ ባክአፕ አለው?» አለች ቀስ ብላ።

አልነበረውም።

«የእኔ ውጤት እኮ እዚያ ውስጥ ነው። የሁላችንም።»

ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ድንጋጤ ዛሬም አልረሳውም። ቁልፉን ተጭኜው ቢሆንና ማሽኑ መንገድ ላይ ቢቀር፣ የዚያ ሁሉ ልጅ ድካም ከኔ እፍረት ጋር አብሮ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ አዛዧ እሷ፣ ታዛዡ እኔ ሆንን። መጀመሪያ ውጤቱን ሁሉ ወደ ሌላ ሐርድ ዲስክ ገለበጥን። እሷ በስልኳ ፈልጋ፣ አዘጋጆቹ ዕድሜው ላለፈ ሊኑክስም ለተመዘገበ ሰው የደኅንነት አፕዴት እንደሚልኩ አገኘች። ያውም ጥቂት ማሽን ላለው በነጻ። አስመዘገብነው። ዳግመኛ ስጠይቀው የሚታደሰው ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ስክሪኑን ሞልቶ አላልቅ አለ። እሱን ጨርሰን የግንኙነቱን ማስተካከያ ስንቀይር የወይዘሮ ዓለምነሽ ኮምፒውተር ያለ ምንም ማንገራገር ሰርቨሩን ከፈተ። መኪናው ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር።

ትራንስክሪፕቱን ከማተሚያው ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። የትምህርቱ ስም፦ የሰርቨር አስተዳደር። ውጤት፦ «ሲ»። መምህሩ እኔ ነበርኩ። ትዝ አለኝ፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እያበዛች ታስቸግራለች ብዬ ነው ነጥብ የቀነስኩባት።

ገበያነሽ ምን እያየሁ እንደሆነ ገብቷታል። «ቲቸር፣ መኪናው» ብቻ አለችኝ። ሰጠኋት፤ እየሮጠች ሄደች።

ሥራውን አገኘች። ደውላ ነግራኝ ደስ ብሎኛል፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደስታው አልቆየልኝም። የጸደቀ ውጤት አይቀየርም፤ ጠይቄ ነበር፣ አይቻልም ተባልኩ። የዚያ ትምህርት «ሲ» የሚገባው ለእኔ ነበር። በእሷ ስም ተጽፎ ጎንደር ሄደ።